ቶማስ ክሪን፦ የኳስ ሜዳው ጀግና፣ የጦር ሜዳው ሐኪም
(ለጥናትና ለውይይት የቀረበ)

መግቢያ

ባለፈው የጥናት ስብሰባችን ላይ፣ ሕክምና የምንማር አባሎች ወደፊት በየትኛው ዘርፍ ለመሠልጠን እንደምናስብ በየተራ ተጠይቀን ነበር። አብዛኞቻችን ብዙም ሳናስብ «ቀዶ ሕክምና» አልን። አንዲት እኅታችን ግን «የኅብረተሰብ ጤና፤ ንጹሕ ውኃና ክትባት» ስትል ሳቅን። ሳቃችን በክፋት አልነበረም። ቢሆንም ከስብሰባው ከተበተንን በኋላ ነገሩ ሲከነክነን ሰነበተ። ለምን ሳቅን? «ጎበዝ ሐኪም» ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ይህን ጥያቄ በደፈናው ከመከራከር ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አስደግፎ መመርመር ይበጃል ብለን ስላመንን፣ ቶማስ ክሪን የተባለውን የአየርላንድ ተወላጅ ታሪክ መርጠናል። ሰውየው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት ለአገሩ የተሰለፈ የራግቢ ተጫዋች፣ ቀጥሎም ሐኪምና ወታደር ነበር። ብዙዎቻችን በልባችን የምንስለውን ሐኪም ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሰው ስለሆነ ለጥናታችን ይስማማል። በዚያው ዘመን ወደ ደቡብ ዋልታ የተጓዘ፣ ስሙ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ አየርላንዳዊ ስላለ አንባብያን ሁለቱን እንዳያምታቱ እናሳስባለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ልጅነቱና ትምህርቱ

ቶማስ ክሪን በደብሊን ከተማ ሚያዝያ 19 ቀን 1873 ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ስለነበር ቤተሰቡ የድሃ ቤተሰብ አልነበረም። የተማረውም የኢየሱሳውያን ካህናት በሚያስተዳድሩት በክሎንጎስ ዉድ ትምህርት ቤት ነው። የ18 ዓመት ወጣት ሳለ በደብሊን አጠገብ በብላክሮክ ባሕር ላይ ሲሰጥም የነበረ ሌላ ወጣት ዋኝቶ በማዳኑ ሽልማት ተቀበለ። ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቱ በሙሉ የዚህ ቀን ድጋሚ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አደጋ ባየበት ቦታ ዘሎ የሚገባ ሰው ነበር።

ሕክምናን ያጠናው እዚያው ደብሊን በሚገኘው በአየርላንድ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ዎንደረርስ ለተባለው ክለብ ራግቢ ይጫወት ነበር።

ለ. ጨዋታውና ዘመኑ

ራግቢን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ማብራሪያ እንስጥ። ኳሱ እንቁላል መሳይ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ መሮጥ ይችላል፤ ለጓደኛው በእጁ ሲያቀብል ግን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድለትም። ተጋጣሚ ኳስ የያዘውን ይዞ ይጥለዋል። በመጀመሪያው የአገሮች ግጥሚያ፣ ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1871 በኤዲንብራ ሲገናኙ፣ በየወገኑ የተሰለፉት 20 ሰዎች ነበሩ። በ1877 ቁጥሩ ወደ 15 ዝቅ አለ። ክሪን ከፊት መሥመር ተሰልፈው ከሚገፉትና ከሚፋለሙት፣ ፎርዋርድ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ግዙፍ ሆኖ ሳለ ሩጫው ግን የቀላል ሰው ሩጫ ነበር ይባልለታል።

ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ከ1894 እስከ 1896 ዘጠኝ ጊዜ ተሰልፏል። በ1894 አየርላንድ እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና ዌልስን በአንድ ዓመት አከታትላ በማሸነፍ «ባለ ሦስት ዘውድ» የሚባለውን ክብር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገኝ ክሪን በቡድኑ ውስጥ ነበረ። በ1896ም ቡድኑ እንደገና የአራቱ አገሮች ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በራግቢ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነበር። ደንቡ ሲነገር ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ የሚጫወት የማዕድን ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ የዕለት ደመወዙን ሲያጣ፣ የሐኪም ወይም የጠበቃ ልጅ የሚያጣው ነገር አልነበረም። በሰሜን እንግሊዝ ያሉ ክለቦች ለሠራተኛው ተጫዋች የቀረበት ደመወዝ ይተካለት ብለው ጠየቁ። ተቀባይነት ባጡ ጊዜ ነሐሴ 1895 በሃደርስፊልድ ከተማ ተሰብስበው ተለዩና የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። እንግዲህ ክሪን የተጫወተው ጊዜና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጨዋታ በነበረው በኩል ነው። ይህን የምንለው ሰውየውን ለመንቀፍ ሳይሆን የቆመበትን ቦታ ለማሳየት ነው።

ሐ. ወደ ደቡብ አፍሪካ

በ1896 ክረምት ከእንግሊዝና ከአየርላንድ የተውጣጣ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዘ። ዓመቱ እኛ ሁላችን የምናውቀው፣ አድዋ ላይ አንድ የአውሮፓ ጦር ድል የሆነበት ዓመት ነው። በደቡቡ የአህጉራችን ጫፍ ግን ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ይጓዝ ነበር። በ1886 በዊትዎተርስራንድ ወርቅ ከተገኘ ወዲህ ጆሃንስበርግ በባዕድ ሰዎችና በባዕድ ገንዘብ ተሞልታ ነበር። ቡድኑ ከመድረሱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጄምሰን የተባለ የሴሲል ሮድስ ባልደረባ የትራንስቫልን የቦር መንግሥት በድንገተኛ ወረራ ለመገልበጥ ሞክሮ ከሽፎበታል። የሚያስደንቀው ይህ ጄምሰንም በሙያው ሐኪም ነበር።

ቡድኑ 21 ጊዜ ተጫውቶ 19ኙን አሸነፈ፣ አንዱን እኩል ወጣ፣ የተሸነፈው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ጥቁሮችና ክልሶች በኬፕ አካባቢ ራግቢ ይጫወቱ የነበረ ቢሆንም በነዚያ ግጥሚያዎች ተቃራኒ ሆነው የተሰለፉት ነጮች ብቻ ነበሩ። ስለ ክሪን የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ከአንድ ግጥሚያ በፊት ለቡድኑ ታላቅ ግብዣ በተደረገ ጊዜ ማንም ተጫዋች ከአራት ብርጭቆ በላይ ሻምፓኝ እንዳይጠጣ ብሎ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ ይባላል! የሰውየው ጠባይ ከዚህ ይታያል። ሳቂታ፣ ጓደኛ ወዳድ፣ ለነገ የማይጨነቅ ሰው ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ክሪን ወደ አገሩ አልተመለሰም። ከክለብ ጓደኛው ከሮበርት ጆንስተን ጋር እዚያው ቀረ። እሱም በጆሃንስበርግ ሐኪም ሆኖ ሥራ ያዘ።

መ. ጦርነቱ

በጥቅምት 1899 እንግሊዝና ሁለቱ የቦር ሪፐብሊኮች ጦርነት ገጠሙ። ከጆሃንስበርግ የወጡት የባዕድ አገር ተወላጆች ኢምፔሪያል ላይት ሆርስ የተባለ ፈረሰኛ ጦር ሲያቋቁሙ ክሪንና ጆንስተን አብረው ገቡ። ክሪን የገባው እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ተራ ወታደር ነው። ጥቅምት 21 ቀን 1899 በኤላንድስላግቴ በተደረገው ውጊያ ጆንስተን ባሳየው ድፍረት የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን አገኘ። ክሪን በማዕረግ እያደገ ሄዶ በ1901 የጦሩ ሐኪም ሆነ።

ታኅሣሥ 18 ቀን 1901 በኦሬንጅ ፍሪ ስቴት፣ ታይገርክሉፍ በተባለ ቦታ፣ ጦሩ ከዝነኛው የቦሮች ጄኔራል ከክርስቲያን ደ ቬት ጋር ተጋጠመ። ክሪን በተኩሱ መሥመር ውስጥ ሆኖ፣ ከጠላት ከ140 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ ቁስለኞችን ያክም ነበር። ራሱ ቆሰለ፤ ማከሙን አልተወም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታ ብቻ ወደቀ። ቁስሉ የሚገድለው መስሎ ነበር፤ ግን ተረፈ። ወደ እንግሊዝ ተልኮ በመጋቢት 1902 ከንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ እጅ የቪክቶሪያ መስቀልን ተቀበለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለት ነገር እንናገር። አንደኛ፣ በደም የተነከረ ሰው ከፊቱ ተኝቶ፣ ጥይት እየጮኸ፣ ራሱ እየደማ እጁን ከበሽተኛው ያላነሳ ሐኪም ክብር ይገባዋል። ይህን የሚክድ ሰው የሕክምናን ሙያ አያውቅም። ሁለተኛ፣ የተዋጋለት ዓላማ ግን የወርቁን ምድር በማን እጅ ትግባ የሚል ነበር። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው በዚህ ተከፋፍለው ነበር። ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠ፣ እንደ ክሪን በ1896 ወደ ትራንስቫል የተሰደደ ጆን ማክብራይድ የተባለ ሌላ አየርላንዳዊ፣ ከቦሮች ጎን የተሰለፈ የአየርላንዳውያን ብርጌድ መርቷል። እሱም በ1916 በደብሊን በተነሣው ዓመፅ ተካፍሎ በእንግሊዞች ጥይት ተረሽኗል። ከሁለቱም ወገን ግን የምድሪቱን ጥቁር ሕዝብ ስለ ርስቱ የጠየቀው አልነበረም።

ሠ. ኒሻን ያልተሰጠባቸው ሙታን

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንቅረብ። በዚህ ጦርነት ሰው የሞተው በምን ነው?

በእንግሊዝ በኩል ከሞቱት ወደ 22 ሺህ ከሚጠጉ ወታደሮች ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በበሽታ እንጂ በጥይት አይደለም። ዋናው ገዳይ ታይፎይድ፣ ማለትም በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፈው የአንጀት ተስቦ ነበር። በመጋቢት 1900 እንግሊዞች ብሉምፎንቴይን ከተማን ያዙ። በዚያው ወር መጨረሻ ያው ደ ቬት ከከተማው ውጭ ያለውን የውኃ ማደያ ጣቢያ ነጠቃቸው። ወታደሩ ያገኘውን ውኃ ጠጣ፤ ወረርሽኙም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። የሸርሎክ ሆልምስ ደራሲ የሆነው ሐኪሙ አርተር ኮናን ዶይል በዚያ ጊዜ ብሉምፎንቴይን ውስጥ ይሠራ ነበር። ሆስፒታላቸው የተተከለው በአንድ የክሪኬት ክለብ ሜዳ ላይ ነው። ሰዎች ለጨዋታ ይሰበሰቡበት የነበረው ቦታ የታይፎይድ በሽተኞች መተኛ ሆነ።

የታይፎይድ ክትባት እኮ ነበረ! በደብሊን በትሪኒቲ ኮሌጅ የተማረው አልምሮት ራይት ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። ነገር ግን መከተብ በፈቃድ ስለነበር ወታደሩም አዛዡም ችላ አሉት፤ የተከተበው እጅግ ጥቂቱ ነበር።

ከዚህ የከፋው በሲቪሉ ላይ የደረሰው ነው። የእንግሊዝ ጦር የቦሮችን ሽምቅ ተዋጊዎች ለማዳከም የእርሻ ቤቶችን እያቃጠለ ሴቶችንና ሕፃናትን በካምፕ አጎረ። በነዚህ ካምፖች ወደ 28 ሺህ የሚሆኑ ቦሮች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ለጥቁሮች በተለዩት ካምፖች ደግሞ የተመዘገበው ሙት ብቻ ከ14 ሺህ ይበልጣል፤ ያልተመዘገበው ሲታከል ቁጥሩ ከዚያ ከፍ እንደሚል የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የገደላቸው ኩፍኝ፣ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ታይፎይድ ነው። በጥቅምት 1901 በነጮቹ ካምፖች የነበረው አሟሟት በዓመት ሲሰላ ከሺህ ሰው 344 ደርሶ ነበር። ይህ እንግዲህ ክሪን ለኒሻን የበቃበት ውጊያ ሊደረግ ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

ታዲያ ሞቱ በምን ቆመ? ኤሚሊ ሆብሃውስ የተባለች እንግሊዛዊት ካምፖቹን ዞራ ያየችውን በ1901 ለአገሯ ሕዝብ አጋለጠች። መንግሥትም ተገዶ በሚሊሰንት ፎሴት የሚመራ የሴቶች አጣሪ ቡድን ላከ። ቡድኑ የጠየቀው ተአምር አልነበረም። ውኃ ይፈላ፤ መጸዳጃ ይስተካከል፤ ምግቡ ይሻሻል፤ ነርሶች ይጨመሩ፤ በሽተኛው ከጤነኛው ይለይ የሚል ነበር። ማሻሻያው ሲደረግ በየካቲት 1902 አሟሟቱ ከሺህ ወደ 69 ወረደ፤ በመጨረሻም ወደ 20 ገደማ ደረሰ። ለጥቁሮቹ ካምፖች ግን አጣሪ ቡድኑ አልሄደም፤ እዚያም ሞቱ ቀጠለ።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ቁጥሮች ከክሪን ኒሻን ጎን አስቀምጣቸው። በታይገርክሉፍ አንድ ጀግና ሐኪም የጥቂት ቁስለኞችን ነፍስ ለማዳን ደሙን አፈሰሰ። በካምፖቹ ደግሞ የፈላ ውኃና ጥቂት ነርሶች በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናትን ከሞት ከለከሉ። ውኃ ስላፈላ ኒሻን የተሸለመ ሰው ግን አልሰማንም።

ረ. የክሪን መጨረሻ

ክሪን ከዳነ በኋላ እስከ 1906 በጦሩ የሕክምና ክፍል አገለገለ። ስፓኛዊት አግብቶ ልጆች አፈራ፤ በለንደንም የግል ክሊኒክ ከፈተ። የ1914 ጦርነት ሲነሣ እንደገና ዘመተ። በ1915 ሌላ ኒሻን ተሸለመ፤ በ1916ም የሜዳ አምቡላንስ ጓድ አዘዘ። ከጦርነቱ ሲመለስ ግን ጤናው ተበላሽቶ ነበር። ሥራው ተዳከመ፤ ዕዳ በዛበት፤ ከሰረ። መጋቢት 25 ቀን 1923 በ49 ዓመቱ በለንደን በስኳር በሽታ ሞተ።

የሕክምና ተማሪ ይህን ቀን ሲያነብ ደንገጥ ማለቱ አይቀርም። ቆሽት የምታመነጨው ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሲያንስ ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት በምግብ መካከል ሆኖ ይራባል። ከ1922 በፊት ሐኪም ያለው መሣሪያ በሽተኛውን በምግብ እጦት እያከሳ ዕድሜውን ጥቂት ማራዘም ነበር። በ1921 በቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት አወጡ። ጥር 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ። በእንግሊዝ አገር መድኃኒቱ ለብዙኃኑ በሽተኛ መድረስ የጀመረው በ1923 ነው፤ ክሪን በሞተበት በዚያው ዓመት!

በዚያው ጸደይ ሮቢን ሎሬንስ የተባለ ሌላ ወጣት የእንግሊዝ ሐኪም ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ ሞቱን ይጠባበቅ ነበር። ቀዶ ሐኪም ለመሆን ሲሠለጥን የስኳር በሽታ ይዞት ነው ሐሳቡ የተሰናከለው። በግንቦት 1923 ከለንደን ባልደረባው መድኃኒቱ መድረሱንና መሥራቱን በቴሌግራም ነገረው። ሎሬንስ እየተዳከመ ወደ ለንደን ተመልሶ ግንቦት 31 ቀን ተወጋ። ክሪን ከሞተ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሆኖት ነበር። ሎሬንስ እስከ 1968 ኖረ። ቀዶ ሐኪምነቱን ትቶ የስኳር ሕሙማን ሐኪም ሆነ፤ በ1934ም የሕሙማኑን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበር።

ኢንሱሊን ቀድሞ ቢደርስለት ኖሮ ክሪን ይድን ነበር ብለን መፍረድ አንችልም። ነገር ግን ሁለት ጥይት ያልገደለው ግዙፍ ሰው፣ ድፍረቱ በማይረዳው በሽታ እንደ ወደቀ እናያለን። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ጀግና አልነበረም። በላቦራቶሪ በትዕግሥት የሠሩ ሰዎች ድካም፣ መድኃኒቱን በብዛት የሚያመርት ድርጅትና ለበሽተኛው በጊዜ የሚያደርስ መንገድ ነበር።

ሰ. ከዚህ ምን እንማራለን?

ከላይ ከተባለው ሁሉ «ክሪን ከንቱ ነበር» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ካለ ጽሑፋችንን አልተረዳውም። በሽተኛን ጥሎ የማይሸሽ ልብ የሌለው ሐኪም፣ ስለ ውኃና ስለ ክትባት ቢያወራም ወረቀት ከመፈረም አያልፍም። ከክሪን የምንወስደው ይህን ልብ ነው። የማንወስደው ግን ድፍረቱን ለማን እንደሚያውለው አለመጠየቁን፣ እኛም ደግሞ ሕክምና ማለት የአንድ ጀግና ሥራ ብቻ ነው ብለን ማሰባችንን ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ኢንሱሊን ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም በአገራችን ገጠር የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ለማግኘት ረጅም መንገድ ይጓዛል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እናቲቱ ብልቃጡን በሸክላ ዕቃ አድርጋ በውኃ እያቀዘቀዘች ታስቀምጣለች። የዚያች እናት ጥያቄ ብርቅ ቀዶ ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒቱ በየወሩ ሳይቋረጥ እንዲደርሳት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ማን ነው? በነጻ ትምህርት ዕድል እዚህ ተልከን ከምንማረው መካከል ስንቶቻችን ይህን ሥራ ሥራዬ ብለን እንይዘዋለን?

ቀዶ ሐኪም መሆን አያስነውርም፤ አገራችን ቀዶ ሐኪምም ያስፈልጋታል። ያስነወረን ሳቃችን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺን እኅታችንን ይቅርታ እንድንጠይቃት፣ ቀጥሎም ስለ ውኃና ስለ ክትባት የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅታ እንድታቀርብልን እንድንለምናት ሐሳብ እናቀርባለን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ሐኪም በጦርነት ጊዜ የሚያክመውን ሰው ብቻ ማየት አለበት ወይስ የጦርነቱንም ዓላማ መጠየቅ አለበት?

2. በደቡብ አፍሪካ ካምፖች የሞቱ ቁጥር የቀነሰው በምን በምን ምክንያት ነው? የጥቁሮቹ ካምፖች ለምን ተረሱ?

3. የታይፎይድ ክትባት እያለ ወታደሮቹ አለመከተባቸው ጥፋቱ የማን ነው? ሕዝብን ለማሳመን ከሐኪም ምን ይጠበቃል?

4. እያንዳንዳችን የመረጥነው የሕክምና ዘርፍ ለማን ብለን የመረጥነው ነው?